እንግዳና ደንበኛ
በመንዝ ደጋ በሚገኙ አነስተኛ የመጠጥና የምግብ ቤቶች ስለሚታየው የመስተንግዶ ሥርዓት

በአገራችን የባህል ጥናት ስለ ሠርግ፣ ስለ ተዝካር፣ ስለ ማኅበርና ስለ ርስት ብዙ ተጽፏል። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ስለሚጠጣበትና ስለሚበላበት ቤት የተጻፈው ግን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። ተመራማሪው የቀኑን ሥራ ፈጽሞ ደብተሩን ካጠፈ በኋላ ድካሙን የሚያሳርፈው በዚያው ቤት ስለ ሆነ፣ የሚያርፍበትን ስፍራ እንደሚጠና ነገር አድርጎ አይቈጥረውም። እኔም በዚህ ስሕተት ከወደቁት አንዱ ነበርሁ።

ትምህርቴን በባሕር ማዶ በምከታተልበት ጊዜ፣ በእንግሊዝ አገር «ማስ ኦብዘርቬሽን» የተባለው የጥናት ድርጅት በቦልተን ከተማ የመጠጥ ቤቶች ላይ አድርጎ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1943 ያሳተመውን መጽሐፍ አንብቤ ነበር። አዘጋጆቹ ካስተዋሉት ነገር አንዱ፣ በሌሎች የሕዝብ መሰብሰቢያዎች ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተመልካች ሲሆን፣ በመጠጥ ቤት ግን ራሱ ተሳታፊ መሆኑ ነው። ነገሩ የገባኝ ግን በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በቀየት፣ ከአንዲት ጠላ ቤት በገባሁበት ማታ ነው።

ሁለተኛውን ጣሳ ጠጥቼ ሳልጨርስ፣ እንደ ለመድሁት፣ «ሂሳብ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ባለቤቲቱ መልስ ሳትሰጠኝ ወደ ጓዳ ገባች። ከአጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ግን፣ «ምነው ልጄ፣ ቤቱ ከፋህ ወይ?» አሉኝ። ወዲያው ሴትየዋ ማንቈርቈሪያዋን ይዛ ተመልሳ ጣሳዬን ሞላችውና፣ «ይኸ የኔ ነው፤ ገንዘብህን ኋላ ታወጣለህ» አለችኝ። በመጨረሻ ስከፍል የሁለቱን ተቀብላ የሦስተኛውን መለሰችልኝ። ታዲያ እኔ በዚያ ቤት ምን ነበርሁ? እንግዳ ነበርሁን ወይስ ደንበኛ? ይህ አጭር ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የቀረበ ነው።

1. ስለ ቃላቱ

«እንግዳ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ባንድነት ይዟል። የማይታወቀውንም ሰው እንግዳ እንላለን፤ የሚስተናገደውንም ሰው እንግዳ እንላለን። የማይታወቅ ሰው ከደጅ ሲቆም ሊስተናገድ ይገባዋል የሚለው ሐሳብ በቃሉ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። «ደንበኛ» የሚለው ግን «ደንብ» ከሚለው የወጣ ነው። ትርጕሙም ከአንድ ነጋዴ ዘወትር የሚገዛ ሰው ማለት ብቻ አይደለም፤ «ደንበኛ ጠላ» ወይም «ደንበኛ ገበሬ» ስንል ትክክለኛውን፣ እንደ ወጉ የሆነውን ማለታችን ነው። ስለዚህ ደንበኛ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ብቻ ሳይሆን የቤቱን ደንብ የሚያውቅና የሚጠብቅ ሰው ነው። እኔ በዚያች ማታ ገንዘብ ነበረኝ፤ ደንቡን ግን አላውቅም ነበር።

የቤቶቹም ስም ልብ ሊባል ይገባዋል። ጠላ ቤት፣ ጠጅ ቤት፣ አረቄ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት እንላለን እንጂ ሱቅ አንላቸውም። በአነስተኛ ከተማ ይህ አጠራር እውነትነት አለው፤ ጠላ የሚሸጥበት ክፍል ብዙውን ጊዜ ባለቤቲቱ የምትተኛበት፣ ልጆቿን የምታሳድግበት ቤት ነው። ገዢው የሚገባው ከሰው ቤት ነው።

2. ስለ አገሩ

መንዝ በባላገሩ ዘንድ በሦስት ይከፈላል፤ ላሎ ምድር፣ ማማ ምድርና ጌራ ምድር ይባላል። ከከተሞቹ መሐል ሜዳ በጌራ ምድር፣ ሞላሌ በማማ ምድር ይገኛሉ። አብዛኛው አገር ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ግድም ከፍታ ያለው ብርዳማ ደጋ ነው። እህሉ በይበልጥ ገብስ፣ ባቄላና ስንዴ ሲሆን፣ በጎቹና ከጠጕራቸው የሚሠራው ባናና በርኖስ የታወቁ ናቸው። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1965 ያሳተመው «ሰምና ወርቅ» የተባለው መጽሐፍ በዚሁ በመንዝ ተቀምጦ ባደረገው ጥናት ላይ የተመሠረተ መሆኑ ለአንባቢዎቻችን የታወቀ ነው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ብርዱና ገብሱ የመጠጥ ቤቱን ሥርዓት ወስነውታል። የመንዝ ጠላ የገብስ ጠላ ነው። ብርዱ መፍላቱን ስለሚያዘገየው ጠማቂዋ ከቈላ ሴት ይልቅ ብዙ ቀን መታገሥ አለባት። በቤቱም ውስጥ የመቀመጫ ክብር የሚለካው ከበሩ ባለው ርቀትና ለእሳቱ ባለው ቅርበት ነው።

3. ከግብር ወደ ሂሳብ

በቀድሞው ዘመን ብዙ ሰው ባንድነት ተሰብስቦ የሚጠጣውና የሚበላው በሦስት ስፍራ ነበር፤ በጌታ ግብር፣ በማኅበርና በጽዋ፣ እንዲሁም በደቦና በወንፈል። በነዚህ ሁሉ መጠጥ አይሸጥም። ሆኖም ያለ ዋጋ ነበር ማለት አይደለም። ፈረንሳዊው ሊቅ ማርሴል ሞስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1925 ስለ ስጦታ በጻፈው ዝነኛ ጥናቱ እንዳስረዳው፣ ስጦታ ሁሉ መልስ ይጠይቃል። በግብር የበላ ሰው በታማኝነት ይከፍላል፤ የማኅበርተኛ ጠላ የጠጣ ሰው ተራው ሲደርስ ጠምቆ ይከፍላል፤ በደቦ የጠጣ በጕልበቱ ከፍሏል። ጠጅም ቢሆን በጥንት ዘመን በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት የተወሰነ የክብር መጠጥ እንደ ነበረ ይታወቃል።

ለምግብ ገንዘብ መክፈል በአገራችን ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደ ነበረ፣ እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ስላቋቋሙት ሆቴል ተደጋግሞ ከሚተረከው ታሪክ መረዳት ይቻላል። እንደሚነገረው፣ በመጀመሪያ ገንዘብ ከፍሎ የሚበላ ሰው ስለ ጠፋ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ከመኳንንቱ ጋር ሄደው በልተው ሂሳባቸውን በመክፈል ምሳሌ ሆኑ። ነገሩ ከንጉሠ ነገሥት ምሳሌ የሚጠይቅ መሆኑ፣ የሰው እንጀራ በልቶ ገንዘብ ቈጥሮ መውጣት እንደ ነውር ይታይ እንደ ነበር ያስረዳል።

በሰሜን ሸዋ ሂሳብን ያስፋፋው መንገድ ነው። በ1928 እና በ1933 ዓ. ም. መካከል ጣሊያኖች ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አድርገው ወደ ደሴ የሚያወጣውን የመኪና መንገድ ከሠሩ ወዲህ፣ ሹፌሩ፣ ነጋዴውና ተጓዡ የሚያድርበት፣ የሚበላበትና የሚጠጣበት ቤት በየመንገዱ ዳር ተበራከተ። «ባር» የሚለው ቃልና የጣሊያን ቡና መፍያም ከከተማ ወደ ከተማ እየተዳረሰ ሄደ።

4. ከደጅ እስከ መቀመጫ

የጠላ ቤት ምልክት በእንጨት ጫፍ ላይ ተደፍቶ በደጅ የሚቆም ጣሳ ነው። ጣሳው ከቆመ ጠላ አለ፤ ከወረደ አልቋል። ጽሕፈት የማያነበውም መንገደኛ የማይስተው ማስታወቂያ ነው።

ገቢው ከደጃፉ ራሱን ዝቅ አድርጎ «እንደምን አመሻችሁ» ሲል፣ የተቀመጡት ከመደቡ ብድግ ብለው «ኖር!» ይሉታል፤ እርሱም «በእግዜር!» ብሎ ይመልሳል። ይህ የተለመደ የአክብሮት ሥርዓት በመጠጥ ቤት ሲፈጸም ግን ልዩ ትርጕም ያገኛል። የሚነሡት ሰዎች እንደ ገቢው ሁሉ ከፋዮች ናቸው፤ የቤቱ ባለቤቶች አይደሉም። ይሁን እንጂ በዚያች ቅጽበት የቤቱ ሰዎች ሆነው እንግዳ ይቀበላሉ። ትላንት በእንግድነት የገባ ዛሬ በባለቤትነት ይነሣል። ደንበኛ መሆን ማለት አንዱ ፍቺው ይህ ነው።

ለሽማግሌና ለካህን ከእሳቱ አጠገብ ይለቀቅላቸዋል። ከሩቅ መንገድ ብርድ መትቶት የመጣም ቢሆን፣ ወጣት እንኳ ቢሆን፣ ለጊዜው ወደ እሳቱ እንዲጠጋ ይደረጋል። ሴቶች ገዢዎች በገበያ ቀን ቅቤያቸውንና እንቍላላቸውን ሸጠው ሲመለሱ ገብተው፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጓዳው በኩል ተቀምጠው ሲጠጡ አይቻለሁ። እነርሱን ግን ባለቤቲቱ እንደ ጎረቤት እንጂ እንደ ገዢ አታናግራቸውም።

5. ስለ መጠጡና ስለ መለኪያው

ጠላ ሥራው ረጅም ነው። ጋኑ ታጥቦ በወይራ ጢስ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ይጠነሰሳል፤ ቀጥሎ ብቅልና የተቈራረሰ ቂጣ ይገባበታል፤ ከዚያም በተቈላና በተፈጨ ገብስ፣ ማለት በአሻሮ፣ ይደፈደፋል፤ በመጨረሻ ውሃ ተጨምሮበት አፉ ይታተማል። ሳይጠል የሚጠጣው ጉሽ ነው፤ የጠለለው ዋናው ጠላ ነው፤ በድፍድፉ ላይ እንደ ገና ውሃ ተጨምሮ የሚገኘው ቀጭን ጠላ ቅራሪ ይባላል። አረቄም ከጌሾና ከብቅል ድፍድፍ በእሳት ተነጥሮ የሚወጣ ሲሆን፣ እንደ ገና የተነጠረው ዳግም ይባላል። የደብረ ብርሃን አረቄ ዝናው ከሰሜን ሸዋ ውጭ የተሰማ ነው።

ጠላ በጣሳ፣ ጠጅ በብርሌ፣ አረቄ በመለኪያ ይቀርባል። ከሦስቱ ዕቃዎች ስሙን ከልኬት ያገኘው የአረቄው ብቻ መሆኑ የሚገርም ነው። ኃይለኛው መጠጥ ተለክቶ ይሰጣል፤ ጠላ ግን ይጨመራል እንጂ አይለካም። ጐድሎ የሚቆም ጣሳ አሳላፊዋን ያሳፍራታል። ባለቤቲቱ መጀመሪያ ስትቀዳ ጥቂት በመዳፏ አፍስሳ ትቀምሳለች፤ ይህም መጠጡ ንጹሕ መሆኑን የምትመሰክርበት የቆየ ወግ ነው። ሻጭ ለሸቀጡ እንዲህ ያለ ዋስትና አይሰጥም፤ በራሷ አካል ዋስ የምትሆነው አስተናጋጅ ናት።

ምግቡ እንደ ቀኑ ነው። ቆሎና ንፍሮ ከጠላ ጋር ያለ ዋጋ ይቀርባሉ። በጾም ቀን ሽሮና አሹቅ፣ በፍስክ ቀን ከፍ ባለው ቤት የመንዝ በግ ጥብስ ይገኛል። ረቡዕና ዓርብ በከተማው የሚጾመው ሁሉ ስለሚታወቅ፣ አስተናጋጇ «ምን ልታዘዝ?» ብላ አትጠይቅም፤ የማይበላውን አታቀርብም። ከመጠየቅ ይልቅ ማወቅ የመልካም መስተንግዶ ምልክት ነው።

6. ስለ ክፍያ፣ ስለ ግብዣና ስለ ዱቤ

የዚህ ጥናት ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። በጠላ ቤት ገንዘብ አለ፤ ነገር ግን ገንዘቡ በሦስት መጋረጃ ተሸፍኖ ይተላለፋል።

አንደኛው ግብዣ ነው። ሰው ለራሱ ብቻ አዝዞ ለብቻው ከፍሎ መውጣት የማይወደድ ስለ ሆነ፣ አንዱ ለሌላው «የኔ ነው፣ በሞቴ» እያለ ይከፍላል፤ የተጋበዘውም በሌላ ቀን ይመልሳል። ሞስ የተናገረለት ስጦታና መልስ፣ ከማኅበርና ከደቦ ወጥቶ በገንዘብ ቤት ውስጥ እንደ ገና ተተክሏል ማለት ነው። ድኻው ሰው ግን በዚህ ይጨነቃል፤ የሚመልሰው የሌለው ሰው ግብዣ በበዛበት ማታ ቀስ ብሎ ይወጣል።

ሁለተኛው ጉርሻ ነው። በማዕድ ላይ በእጅ ጠቅልለን በወዳጃችን አፍ የምናኖረውን ጉርሻ እንላለን፤ ለአስተናጋጅ ከሂሳቡ በላይ የምንተውለትንም ገንዘብ በዚያው ስም እንጠራዋለን። ቃሉ የገንዘቡን ነገር ወደ ማዕድ መልሶ ያስገባዋል።

ሦስተኛው ዱቤ ነው። ደንበኛ በዱቤ ይጠጣል፤ ባለቤቲቱም ታምነዋለች። አንዲት የጠላ ቤት ባለቤት የያንዳንዱን ዕዳ በከሰል በጓዳው ግድግዳ ላይ እያሰመረች ትይዝ ነበር። አንድ ሽማግሌ ብዙ ዘመን ደንበኛዋ ሆነው ሲኖሩ ዕዳቸው በዝቶ እንደ ነበር ነገረችኝ። ለምን እንዳልጠየቀቻቸው ስጠይቃት፣ «እንዴት አድርጌ፣ ወንድምዓለም? ብጠይቃቸው ይከፍሉኛል፤ ግን ተመልሰው አይመጡም። ባለመምጣታቸውም የሚያፍሩት እሳቸው አይደሉም፤ እኔ ነኝ» አለችኝ። ሰውየው ሲሞቱ እንጀራዋን ይዛ ከለቅሶ ቤት ደረሰች፤ በተመለሰችበት ቀን ግድግዳውን በጭቃ መረገችው። ለልጆቻቸው አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

7. ስለ ባለቤቲቱ

ይህን ነገር ሰምቶ «እንዴት ያለ ደግ ባህል ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔም መጀመሪያ እንዲህ አልሁ። ነገር ግን የደግነቱን ዋጋ ማን ከፈለው? ሽማግሌው በክብር ኖረው በክብር ሞቱ፤ ጎረቤቶቹም ወጉ ተጠበቀላቸው። የጠፋው ገብስ፣ ጌሾ፣ እንጨትና የሌሊት ድካም ግን የሴትየዋ ነው።

በየከተማው ጠላና አረቄ የሚሸጡት በብዛት ባላቸው የሞተባቸው፣ የፈቱ ወይም ከባላገር ወጥተው ራሳቸውን የቻሉ ሴቶች ናቸው። ከእናታቸው የተማሩትን ሙያ መሸጥ ከተከፈቱላቸው ጥቂት በሮች አንዱ ነው። ኅብረተሰቡ ግን ያንኑ ሙያ በሁለት ዓይን ያያል። በትዳሯ ውስጥ ሆና ለማኅበር የምትጠምቅ ሴት «ባለሙያ» ተብላ ስትመሰገን፣ ያንኑ ጠላ የምትሸጠዋ «ኮማሪት» ወይም «መሸተኛ» ትባላለች። ጋኑ አንድ፣ ጌሾው አንድ፣ እጁም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ገንዘቡ ነው። እንግዲህ ባለቤቲቱ ዕዳ ለመጠየቅ የምታፍረው፣ ሦስተኛውን ጣሳ «የኔ ነው» የምትለው በለጋስነት ብቻ አይደለም። ለጋስ አስተናጋጅ ሆና በታየች ቍጥር ከዚያ ስም ትርቃለች። እኔንም ያን ማታ ሂሳብ ስጠይቃት ያስቀየምኋት፣ በሰው ፊት ሻጭነቷን አስቀድሜ ስለ ጠራሁ ነው። አሁን ሳስበው፣ ያቺ ያልተከፈለችበት ጣሳ ለእኔ የተሰጠች ስጦታ ብቻ ሳትሆን፣ እርሷ ለራሷ ክብር የከፈለችው ዋጋ ነበረች።

8. ስለ አዲሱ ባር

ዛሬ በአነስተኛ ከተሞችም «ባርና ሬስቶራንት» የሚል ሰሌዳ የተለመደ ነው። በመደብ ፈንታ የፕላስቲክ ወንበር፣ በጣሳ ፈንታ ጠርሙስ፣ በጨዋታ ፈንታ ቴሌቪዥን ገብቷል። በ1915 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በተቋቋመው በቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ የጀመረው የቢራ ሥራ ወደ አገሩ ቀርቦ፣ በ2007 ዓ. ም. የሐበሻ ቢራ ፋብሪካ በደብረ ብርሃን ተመርቋል። ገብሱ ያው የደጋ ገብስ ነው፤ ጠማቂዋ ግን ተለውጣለች።

በነዚህ ቤቶች የተቀላቀለ መጠጥም ይጠየቃል። ወጣቶች ቢራን ከወይን ጠጅና ከለስላሳ ጋር ቀላቅለው «ቱርቦ» ይሉታል። «ስፕሪስ» የሚለውም ከጣሊያኖች የተወረሰ ቃል ሲሆን፣ በእኛ አገር ሻይና ቡና ወይም የተለያየ ጭማቂ በአንድ ብርጭቆ ተደራርቦ ሲቀርብ የሚነገር ሆኗል። በውጭ አገር ኮክቴል የሚባለውን መጠጥ ቀማሚው ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ በሙያው ያዘጋጀዋል። እዚህ ግን ብዙ ጊዜ ጠርሙሶቹ ከጠረጴዛው ላይ ቀርበው ጠጪዎቹ ራሳቸው ይቀላቅላሉ፤ ከአንድ ማሰሮም ለሁሉም ይቀዳል። መጠጡ አዲስ ነው፤ ከአንድ ዕቃ መጋራቱ ግን የቆየ ነው።

ገዢው በአዲሱ ባር የሚያገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። ዋጋው የታወቀ ነው፤ ጠርሙሱ የታሸገ ነው፤ የሚመልሰው የሌለው ሰው አንዲት ቢራ ይዞ ማንም ሳያየው ይቀመጣል። አስተናጋጇም ሂሳብ ሲጠየቅ አታፍርም፤ ደመወዝተኛ ናት። የሚያጣውም እንዲሁ ግልጽ ነው። ሲገባ «ኖር!» የሚለው የለም። አስተናጋጇን የሚጠራት በስሟ ሳይሆን እጁን አጨብጭቦ ነው። ቢቀር የሚጠይቅ፣ ቢሞት ለቅሶ የሚደርስ የለም። አሜሪካዊው ሬይ ኦልደንበርግ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ከመኖሪያና ከሥራ ቦታ ሌላ ሰው የሚገናኝበትን ስፍራ «ሦስተኛ ስፍራ» ብሎ ጠርቶታል። የእኛ ጠላ ቤት ግን ከዚህ ሐሳብ ጋር በሙሉ አይገጥምም፤ ለጠጪው ሦስተኛ ስፍራ ሲሆን፣ ለባለቤቲቱ መኖሪያዋም የሥራ ቦታዋም ስለ ሆነ ከቶ የምትወጣበት ደጅ የላትም።

9. ማጠቃለያ

ይህን ስጽፍ የመጠጥን ጉዳት ዘንግቼ አይደለም። ዳግም አረቄ ስንት ቤት እንዳፈረሰ በየከተማው የሚታይ ነው። የ1112/2011 የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅና ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሸጥ መከልከሉም ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚቈጣጠረው መጠጡን ነው፤ በመጠጡ ዙሪያ ያለውን ሥርዓት መመርመር የእኛ ተግባር ነው።

ወደ መነሻው ጥያቄ ስመለስ፣ በመንዝ ደጋ ጠላ ቤት የገባ ሰው እንግዳም ደንበኛም ነው። ከደጃፍ እስከ ሁለተኛው ጣሳ እንግዳ ነው፤ ደንቡን ሲማር ደንበኛ ይሆናል፤ ደንበኛ ሲሆን ደግሞ ሌላውን እንግዳ ይቀበላል። ይህ ሥርዓት ለገቢው እጅግ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ደስታው የቆመው ባንዲት ሴት ያልተከፈለ ድካም ላይ መሆኑን የማይጽፍ ጥናት፣ የጠጪውን ገጽ ብቻ ያየ ጥናት ነው። ስለዚህ ለመስክ ጥናት የሚወጡ ተማሪዎቻችንን የምመክራቸው ይህን ነው፤ በማታ ወደ ጠላ ቤት በገባችሁ ጊዜ ደብተራችሁን አትጠፉ፤ ሂሳብም ለመጠየቅ አትቸኵሉ። ሦስተኛውን ጣሳ በምስጋና ተቀበሉ፤ ስትነሡ ግን ዋጋውን ጉርሻ አድርጋችሁ ከጣሳው ሥር ተዉላት። እኔ ያን ማታ አላደረግሁትም።